በሬሳ በክረምት፦ ከዝናቡ ጋር የሚለቀቀውን ፍሳሽ ማን ነው የሚቆጣጠረው?

የወንዝ ዳር

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

በበጋ የደብረ ብርሃኑ በሬሳ ወንዝ ሲጠቁር ሁሉም ያየዋል። ይሸታል። አረፋ ይይዛል። ከብት አፉን አስነክቶ ይመለሳል። ያኔ ሰው ያወራል፣ ኮሚቴ ይመጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ሰኔ ሲገባ ግን ወንዙ ይሞላል፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ ወሬውም እዚያው ያበቃል። «ጎርፉ አጠበው» ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ጎርፉ ቆሻሻውን ወደ ታች ወሰደው እንጂ አላጠፋውም። ከበሬሳ ወደ ጀማ፣ ከጀማ ወደ አባይ። በመንገዱ ላይ ደግሞ ግጦሹ ላይ፣ የመስኖ ቦይ ውስጥ፣ ጎመንና ካሮት የሚተከልበት ማሳ ላይ እየጣለው ነው የሚያልፈው።

በዚህ ክረምት ያየሁትን ልንገራችሁ። ከዋናው መንገድ ዳር አንድ የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ። ዝናቡ ካባራ ቆይቷል። ሌሎቹ ቦዮች ውስጥ የቀረው ጭቃ፣ ፌስታልና ባዶ ሃይላንድ ነው። በዚህኛው ግን ውሃው አሁንም ይወርዳል። ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል። ከላዩ እንፋሎት ይነሳል። የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ እዚያ የዝናብ ውሃ እንፋሎት አያወጣም። ወደ ላይ ተከትዬው ስሄድ ከአንድ ፋብሪካ አጥር ሥር ነው የሚወጣው። የፋብሪካውን ስም እዚህ አልጽፍም። በእጄ ያለው ያየሁት ብቻ ነው፤ የተመረመረ ነገር የለኝም።

ለአንድ ቢሮ ነገርኩ። «ያ የጎርፍ ቦይ ነው፣ ፍሳሽ አይደለም፣ እኛን አይመለከትም» አሉኝ። ሌላው ቢሮ ደግሞ «ፍሳሽ ከሆነ እኛን አይመለከትም» አለ። ውሃው ግን ሁለቱንም ሳይጠብቅ ወንዝ ገብቷል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። በሕግ የጎርፍ ቦይ የማን ኃላፊነት ነው? እኛ ወንዝ ዳር ያለን ሰዎችስ በየትኛው በር ነው የምንገባው?

የውሃ ምርመራ

እህቴ፣ ጥሩ አድርገሽ ነው የጻፍሽው። የውሃ ላብራቶሪ ውስጥ ስለሠራሁ የማውቀውን ልጨምር።

ሙቀትና ቀለም ጥሩ ፍንጭ ናቸው። ማስረጃ ለመሆን ግን አይበቁም። ከተማችን ውስጥና ዙሪያው ያሉት ኢንዱስትሪዎች የተለያዩ ናቸው፤ ፍሳሻቸውም እንደዚያው። ከጨርቃ ጨርቅና ከብርድ ልብስ ማቅለሚያ የሚወጣው ሙቅ፣ ቀለም ያለውና ብዙ ጊዜ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከፍ ያለ ነው። ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ኖራ፣ ሰልፋይድና ክሮሚየም የሚባል ብረት ይይዛል። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው ሽታ የሰልፋይዱ ነው። ከቢራ የሚወጣው ስኳርና እርሾ ነው። ይሄኛው በራሱ መርዝ አይደለም። ችግሩ ተህዋስያን ሊበሉት ሲረባረቡ ውሃ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል፣ ውሃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን ቆላ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 70 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ብርዱ ትንሽ ያካክሳል። ያም ሆኖ የኛ ወንዝ ሲጀመርም ስንቁ ትንሽ ነው። ሌላ ቦታ ወንዙ የሚችለውን ፍሳሽ እዚህ ላይችለው ይችላል።

«ክረምት ላይ ይቀጥናል» የሚለውን ክርክር በተመለከተ፦ አዎ፣ በሊትር ውስጥ ያለው መጠን ይቀንሳል። ወንዙ የሚሸከመው ጠቅላላ ቆሻሻ ግን አይቀንስም። ክሮሚየም ደግሞ አይበሰብስም። ከደለሉ ጋር ተጣብቆ ወርዶ ውሃው ረጋ በሚልበት ቦታ ይተኛል። ያ ቦታ ብዙ ጊዜ የመስኖ መጥለፊያው ነው።

ናሙና የሚወሰድ ከሆነ ከሦስት ቦታ ይወሰድ። ከቦዩ አፍ፣ ከቦዩ በላይ ካለው ወንዝ፣ ከቦዩ በታች ካለው ወንዝ። የላይኛው ከሌለ «ከላይ ነው የመጣው» ተብሎ ይዘጋል። ሰዓቱ ይጻፍ፤ ዝናብ ነበረ አልነበረም ይጻፍ። ለባክቴሪያ ምርመራ የጸዳ ጠርሙስና በረዶ ያስፈልጋል፤ በቶሎም ላብራቶሪ መድረስ አለበት። በሃይላንድ ቀድቶ ቤት ማሳደር ዋጋ የለውም።

ቦይና ድልድይ

የከተማ መንገድና የጎርፍ መውረጃ ሥራ ላይ ነኝ። ከውስጥ የሚታየውን ልናገር።

ከአዲስ አበባ ውጭ ያሉት አብዛኞቹ ከተሞቻችን የተዘረጋ የፍሳሽ መስመር የላቸውም። ቤቱ ጉድጓድ ይቆፍራል። ጉድጓዱ ሲሞላ መጣጭ መኪና ይጠራል። መኪናው ውድ ነው፤ ወረፋም አለው። ታዲያ አጠገቡ በድንጋይ የተገነባ ጥሩ ቦይ ሲያይ ምን ያደርጋል? ሌሊት ቱቦ ይቀጥላል። ሆቴሉም፣ ላቫጆውም፣ ጋራዡም እንደዚያው። ለዝናብ ብለን የሠራነው ቦይ የከተማው ፍሳሽ መስመር ሆነ። ማንም ወስኖ አይደለም። ቀስ በቀስ ነው የሆነው።

ሁለተኛው ነገር የጎርፉ ብዛት ነው። አንድ ሄክታር የፋብሪካ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 300 ሜትር ኩብ ውሃ ይወርዳል። ይሄ 1,500 በርሜል ነው። ከአንድ ጣሪያ፣ በአንድ ዝናብ። ያ መሬት ሣር በነበረ ጊዜ ከዚያ ውስጥ ብዙው ይሰርግ ነበር። አሁን ጣሪያ፣ አስፋልትና ኮብልስቶን ሲሆን ባንዴ ነው የሚወርደው። የሚወርደውም መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ ጠርጎ ነው፤ የተቃጠለ ዘይት፣ የጎማ ብናኝ፣ እበት፣ የሕንፃ አሸዋና ሲሚንቶ።

ከሁሉ የሚከፋው ዝናብ ነሐሴ ላይ የሚጥለው አይደለም። የበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ ነው። የካቲት ወይም መጋቢት ላይ አንድ ቀን ድንገት ይጥላል። በጋውን ሙሉ የተጠራቀመው ቆሻሻ በአንድ ከሰዓት ይታጠባል። ወንዙ ደግሞ ያን ጊዜ ቀጭን ነው፤ የሚያቀጥንበት ውሃ የለውም። ናሙና የምትወስዱ ከሆነ ያን ቀን አትለፉት።

የማንም አይደለም ለተባለው ቦይ፦ የሠራው ከተማው ነው፤ የሚጠርገውም ከተማው ነው። ግንቦት ላይ ደለሉ ይወጣና ቦዩ ዳር ይከመራል። ሰኔ ላይ ተመልሶ ይገባል። በዚህ በጣም ነው የማዝነው፤ የጉልበት ገንዘቡ ወጥቶበታልና።

የከተማው ልጅ

እኔ ሌላ ነገር ልበል። ፋብሪካ ባይኖር እኛ የት ነበርን? የኔ እኩዮች አዲስ አበባ ተሰድደው ነበር። አሁን እዚሁ ሠርተው ቤት ይከራያሉ፣ እናታቸውን ይጦራሉ። «ፋብሪካ አቆሸሸ» እየተባለ በየቀኑ ሲጻፍ ባለሀብቱ ሌላ ከተማ ይሄዳል። የቆሻሻ ውሃ ማጣሪያ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነገር ነው። መንግሥት መጀመሪያ ያግዛቸው፣ ከዚያ ይጠይቃቸው።

የወንዝ ዳር

ወንድሜ፣ ይዘጋ አላልኩም። የኔም ዘመድ እዚያ ይሠራል። ግን ከወንዙ በታች ያለው ገበሬም ሥራው ነው። ያ ውሃ ካሮቱን ያጠጣበታል፣ በጎቹን ያጠጣበታል። ሴቶቹ ባናውን የሚያጥቡት እዚያ ነው። አንዷ ያሳየችኝ ባና ነጭ ሱፍ ነበር። ካጠበችው በኋላ ጠርዙ ላይ የሻይ ዓይነት ቀለም ይዟል፤ ሳሙና አላስለቀቀውም። የአንዱ ደመወዝ በሌላው ማሳ መከፈል የለበትም ነው የምለው።

የሕግ ሰው

ሁለታችሁንም የሚመልስ ነገር ሕጉ ውስጥ አለ። ትንሽ ዘርዘር ላድርገው፤ ብዙ ሰው አዋጁን ስሙን እንጂ ይዘቱን አያውቀውም።

ከሕገ መንግሥቱ እንጀምር። አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖርን የሁሉም ሰው መብት ያደርገዋል። ይህን ወደ ሥራ ያወረደው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ነው። ከሱ ጋር የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማው አዋጅ 299/1995 አለ። ቀደም ብሎ የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ 197/1992 ደግሞ ቆሻሻን ወደ ውሃ ለመልቀቅ ፈቃድ ይጠይቃል። የኢንዱስትሪ ብክለትን ለመከላከል የወጣ ደንብ ቁጥር 159/2001ም አለ። ሕግ የለም የሚል ካለ ይሄን ይዛችሁ መልሱለት።

አዋጅ 300 በካይ የሚለውን በቱቦ አይለካውም። በፍሳሽ ቱቦ ወጣ፣ በጎርፍ ቦይ ወጣ፣ ከአጥር ሥር ሾለከ፣ ለሕጉ ልዩነት የለውም። ከደረጃው በላይ የሆነ ነገር አካባቢው ላይ ከተለቀቀ ብክለት ነው። ስለዚህ «የጎርፍ ቦይ ነው» የሚለው መልስ ሕጋዊ መልስ አይደለም። በዚያው አዋጅ የከተማ አስተዳደሮች የከተማውን ቆሻሻ የመሰብሰብ፣ የማጓጓዝና በአግባቡ የማስወገድ ግዴታ አለባቸው። ቦዩ ውስጥ የሚወርደው ሽንት ቤት ከሆነ ጥያቄው ለከተማው ነው። ማቅለሚያ ከሆነ ለፋብሪካው ነው። ሁለቱም ሆኖ ከተገኘ ሁለቱም ይጠየቃሉ።

ተቆጣጣሪው ያለው ሥልጣን ሰፊ ነው። ያለ ቅድመ ማስጠንቀቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ግቢ መግባት ይችላል። ናሙና መውሰድ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ጉዳቱ ከባድ ሲሆን ድርጅቱን እስከ መዝጋት ወይም ወደ ሌላ ቦታ እስከ ማዛወር የሚደርስ እርምጃ መውሰድ ይችላል። በካዩ ያበላሸውን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ማድረግም አለ። ከዚህ ውጭ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 519 አካባቢን መበከልን ወንጀል አድርጎታል።

ለከተማው ልጅ፦ አዋጁ ዱላ ብቻ አይደለም። ብክለት ለመቆጣጠር የሚገባ አዲስ መሣሪያ፣ በመሥሪያ ቤቱ ሲረጋገጥ፣ ከጉምሩክ ቀረጥ ነጻ ነው። ማጣሪያው ውድ ነው የሚል ባለሀብት ይህን ተጠቅሞበታል ወይ ተብሎ መጠየቅ አለበት።

አሁን ዋናው፣ አንቀጽ 11። ማንኛውም ሰው፣ እኔ ራሴ ተጎዳሁ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ ጉዳት ያደረሰ ወይም ሊያደርስ ነው ባለው ላይ ለፌደራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ፣ ወይም በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። በሀገራችን ሕግ ውስጥ እንዲህ በሩን ወለል አድርጎ የከፈተ አንቀጽ ጥቂት ነው።

የተበላሸው የት ነው? አቤቱታው በቃል ስለሚሆን ነው። በቃል የተነገረ ነገር 30 ቀኑ ከመቼ እንደሚቆጠር ማስረጃ አይተውም። ያልተቆጠረ ቀን ደግሞ ፍርድ ቤት አያደርስም። ከዚህ በፊት ስለ አቃቂና ሞጆ ወንዞች አንድ የመብት ተሟጋች ማኅበር ክስ አንሥቶ ነበር። የከሰሰው የፌደራሉን አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነበር። ክሱ ተቀባይነት አላገኘም። ማንን እንደምትከሱና በየትኛው ደረጃ እንደምታልፉ ቀድሞ ማሰብ ዋጋ አለው።

መንዜ በሀገር ቤት

የሕግ ሰው፣ እግዜር ይስጥልን። ይሄን አትሜ ለቀበሌያችን ሊቀመንበር እሰጠዋለሁ።

ከሜሪላንድ

ሰላም ወገኖቼ። ትውልዴ ባሶና ወራና ነው፤ አሁን የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚህ ይሄን የጎርፍ ጉዳይ እንዴት እንደያዙት ልጻፍ። እነሱም ያኔ የተነታረኩበት ይሄው የናንተው ጥያቄ ነው።

አሜሪካኖቹ የንጹሕ ውሃ ሕጋቸውን በ1972 እ.ኤ.አ. ሲያወጡ ያነጣጠሩት የፋብሪካ ቱቦ ላይ ነበር። ከቱቦ የሚለቅ ሁሉ ፈቃድ ያውጣ ተባለ። ቱቦዎቹ እየተስተካከሉ ሲሄዱ ወንዞቹ ግን የተጠበቀውን ያህል አልጠሩም። ከመንገድ፣ ከጣሪያ፣ ከግንባታ ቦታ የሚወርደው ጎርፍ ቀርቷል። በ1987 ሕጉ ተሻሻለና ጎርፉም ፈቃድ ውስጥ ገባ። በ1990 በወጣው ደንብ 100 ሺህና ከዚያ በላይ ሕዝብ ያላቸው ከተሞች ለጎርፍ ቦያቸው ፈቃድ እንዲያወጡ ተደረገ። በ1999 ትንንሾቹም ተጨመሩ።

እዚህ ላይ አስተውሉ። ፈቃዱን የሚይዘው ከተማው ራሱ ነው። በቦዩ አፍ ለሚወጣው ነገር ተጠያቂው እሱ ነው። ስለዚህ «ማን ቱቦ ቀጠለበት?» ብሎ የሚዞረው ነዋሪው አይደለም፤ ከተማው ነው። ዝናብ በሌለበት ቀን የቦዩን አፍ እየዞሩ ያያሉ። በደረቅ ቀን ውሃ ከወጣ አንድ ሰው በድብቅ ቀጥሎ ይሆናል ብለው ምንጩን ይፈልጋሉ። እህታችን ያደረገችው ይሄንኑ ነው።

ከአንድ ኤከር፣ ማለትም ከ0.4 ሄክታር ገደማ ጀምሮ መሬት የሚያገላብጥ ግንባታም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ጭቃ ራሱ ብክለት ነው ተብሎ ይቆጠራል። ግንባታው ዙሪያ ጭቃ የሚይዝ መጋረጃ ይተከላል፤ መኪና ሲወጣ ጎማውን ጠጠር ላይ ያራግፋል።

ፈቃዱን የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ፌደራሉ ሳይሆን ስቴቱ ነው። የኛ ክልል እንደማለት ነው። ዝቅተኛውን ደረጃ ፌደራል ያስቀምጣል፤ ስቴቱ ሊያጠብቀው ይችላል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚለው፦ የኔ ካውንቲ፣ እንደ ወረዳ ያለው አስተዳደር፣ ቤቱ ውሃ የማያሰርግ ጣሪያና ንጣፍ ምን ያህል እንዳለው አይቶ ያስከፍላል። ብዙ ሲሚንቶ ያፈሰሰ ብዙ ይከፍላል። ሜሪላንድ በ2012 ትልልቆቹ አካባቢዎች ሁሉ ይህን ክፍያ እንዲጥሉ አስገዳጅ ሕግ አወጣች። ሰዉ «የዝናብ ግብር» ብሎ ተቃወመ። በ2015 ግዴታነቱ ተነሣ። ሥራውን መሥራቱ ግን ግዴታ ሆኖ ቀረ። እዚህም ሰላማዊ ጉዳይ አልነበረም ለማለት ነው።

የሕግ ሰው

ከሜሪላንድ የጻፉት፣ በጣም ጠቃሚ ነው። በኛም አዋጅ ክልል ከፌደራሉ የጠበቀ ደረጃ ማውጣት ይችላል፤ የላላ ግን አይችልም። እዚያ እንዳለው ለከተማ ጎርፍ ለብቻው የሚሰጥ ፈቃድ ግን አዋጅ 300 ውስጥ የለም። ክፍተቱ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ከተማው ጠቅላላ ግዴታ አለበት እንጂ «በዚህ ቦይ አፍ፣ ይህን ያህል» የሚል ወረቀት በእጁ የለም። ክልሉ ይህን ማውጣት የሚከለክለው ነገር አላይም።

ከሮቢት

እኛንም አትርሱን። እናንተ የምታወሩት ወደ አባይ ስለሚወርደው ነው። ከጣርማ በር ወዲህ ያለው ጎርፍ ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው። ተራራው ላይ ሲዘንብ እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ሮቢ ወንዝ ሞልቶ ይመጣል። ድንጋይና አሸዋ ይዞ ማሾውን፣ ሽንኩርቱን ጠርጎ ይሄዳል። አሁን ደግሞ ድንጋዩ መሀል ፌስታል ነው። መስኖ ቦይ የሚዘጋው ፌስታል ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል። ገበያ ላይ ግን ልማዱ ቶሎ አይለቅም።

ከላይ ያለው ከተማ ቦዩን ካልጠረገ የታችኛው ነው የሚከፍለው። ሁለታችንም በአንድ ዞን ውስጥ ነን፤ ጉዳዩ በዞን ደረጃ ቢያዝ ነው የሚሻለው።

አፈርና ውሃ

ከተማውን ብቻ አትመልከቱ። ጎርፉ ከማሳም ይመጣል። ጉዶ በረት አካባቢ አንዲት ጥድ የሚባል ቦታ አለ። ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአንድ አነስተኛ ተፋሰስ የሚወርደው ዝናብ፣ ጎርፍና አፈር ሲለካበት የኖረ የምርምር ጣቢያ ነው። ጣቢያው ያሳየው አንድ ትልቅ ነገር አለ። በደጋው ጎርፉን የሚያበዛው የአንድ ቀን ዝናብ ኃይለኛነት ብቻ አይደለም። ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ ታችኛው ሜዳማ መሬት ውሃ ይጠግባል። ከጠገበ በኋላ ለስላሳ ዝናብ እንኳ ሳይሰርግ ይፈሳል።

ይህ ለናንተ ጉዳይ ምን ማለት ነው? በበሬሳና በዳለቻ ዳር ያለው ሜዳ ጥቁር አፈር ነው፤ በሐምሌ መጨረሻ ጠግቧል። ያን ጊዜ የፋብሪካ የፍሳሽ ማቆያ ኩሬም፣ የመጸዳጃ ጉድጓድም ውሃ አያሰርግም፤ ይሞላል፣ ይፈሳል። አንዳንዱ ሆን ብሎ የሚለቅ አለ፤ አንዳንዱ ደግሞ ኩሬውን በክረምት ሒሳብ ስላልሠራው ነው የሚያፈስሰው። ሁለተኛው ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ውጤቱ አንድ ነው። አቤቱታችሁ ውስጥ «የኩሬው መጠን የተሰላው የክረምቱን ዝናብ ጨምሮ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ አስገቡ። መልሱ ተፅዕኖ ግምገማው ሰነድ ላይ መኖር አለበት።

የሕግ ሰው

ያ ሰነድ ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት፤ አዋጅ 299 ነው የሚለው። የአካባቢው ሰው አይቶ አስተያየት እንዲሰጥበት ነው የተጻፈው። ጠይቁት።

ቦይና ድልድይ

ሰው ገንዘብ የለም ሲል ስለምሰማ ብዙ ብር የማይጠይቀውን ልናገር። አንደኛ፣ ፋብሪካ ውስጥ የጣሪያ ውሃና የግቢ ውሃ ይለያይ። የጣሪያው ንጹሕ ነው፤ በቀጥታ ይሂድ። ኬሚካል የሚራገፍበት ግቢ ውሃ ግን ወደ ማጣሪያው ይግባ። ይህ ሲሆን ማጣሪያው በክረምት አይጥለቀለቅም። ሁለተኛ፣ የቦዩ አፍ ወንዝ ከመግባቱ በፊት ደለል የሚጥልበት ጉድጓድና ሣር ያለው ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጠው። ሣር ብዙ ይይዛል። ገበሬው ማሳው ውስጥ ፈሰስ ሲያወጣ ውሃውን ሣር ላይ የሚጥለው አውቆ ነው። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ የቦይ አፍ ቁጥር ይሰጠው። ቁጥር ከሌለው «ያ ቦይ» እያልን እንኖራለን።

የከተማው ልጅ

የጣሪያውን ውሃ መለየት ያልከው አሳማኝ ነው። ይሄማ ለፋብሪካውም ወጪ መቀነስ ነው። እኔ የምሠራበት ቦታ ለአለቃዬ አነሳዋለሁ። ግን አንድ ነገር ይታሰብ፤ አቤቱታው ፋብሪካን ብቻ እንዳይወቅስ። ላቫጆውና ሆቴሉም ይካተቱ።

የወንዝ ዳር

ትክክል ነህ፤ ይካተታሉ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን ይዤ አቤቱታውን እንዲህ አርቅቄዋለሁ። አስተካክሉልኝ።

«ለአማራ ክልል የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት። እኛ ስማችንና ፊርማችን ከታች ያለው የበሬሳ ወንዝ ተጠቃሚዎች በአዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት ይህን አቤቱታ እናቀርባለን። ከከተማው በሚወርደው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ውስጥ ዝናብ በሌለበት ሰዓት ሙቅና ቀለም ያለው ፍሳሽ ሲወርድ አይተናል፤ ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ ተያይዟል። መሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ ልኮ ከቦዩ አፍ፣ ከቦዩ በላይና በታች ካለው ወንዝ ናሙና እንዲወስድ፤ ቦዩ ላይ የተቀጠሉ መስመሮችን፣ የፋብሪካም ሆነ የሆቴልና የመኪና እጥበት፣ እንዲለይ፤ የፍሳሽ ማቆያ ኩሬዎች የክረምቱን ዝናብ ታሳቢ ማድረጋቸውን እንዲያረጋግጥ፤ ውጤቱን በጽሑፍ እንዲያሳውቀን እንጠይቃለን። ግልባጭ፦ ለከተማው አስተዳደር፣ ለዞኑ፣ ለክልሉ ውሃ ቢሮ።»

የውሃ ምርመራ

«ናሙና ይወሰድ» የሚለው ላይ «በክረምትና በበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ» ብለሽ ጨምሪ። ካልጻፍሽው በጥር ደረቅ ቀን መጥተው ቀድተው ይሄዳሉ። ምን እንደሚለካም ጥቀሺ፦ ፒኤች፣ ሙቀት፣ ኦክስጅን፣ የኦክስጅን ፍላጎት (ቆሻሻው ሲበሰብስ የሚወስደው ኦክስጅን)፣ ጠቅላላ ክሮሚየም፣ ሰልፋይድ፣ ኮሊፎርም (የሰገራ ብክለትን የሚጠቁም ባክቴሪያ)።

ከሮቢት

የአዋሽ ወገን ያለነውም የራሳችንን እናዘጋጃለን። ይሄንኑ ቅጂ ልጠቀምበት ነው፤ ፈቃድሽ ከሆነ።

የወንዝ ዳር

በደስታ። የሕግ ሰው፣ አንድ ጥያቄ፦ ፊርማው ስንት መሆን አለበት?

የሕግ ሰው

የአንድ ሰውም ይበቃል፤ አንቀጹ ቁጥር አይጠይቅም። ብዙ ሲሆን ግን አንድ ሰው ላይ ጫና አይበረታም፤ ስለዚህ አሰባስቡ። ከዚያ በሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ። ሁለተኛው ላይ ማህተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር አስመቱ። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው። ማህተም ያለበትን ኮፒ ፎቶ አንሥታችሁ እዚህ ለጥፉት፤ ቀኑን እኔም እቆጥራለሁ።